ሲሙሌሽናችን ለምን ያድራል? ከእህል በረንዳ የተማርነው



የመመረቂያ ሥራ ወቅት ሲደርስ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ዶርም ውስጥ የማይጠፋ ነገር አለ። ላፕቶፕ ወንበር ላይ ተከፍቶ ያድራል፤ ፋኑ ይጮኻል፤ ስክሪኑ ላይ ቁጥሮች ቀስ እያሉ ይወርዳሉ። ባለቤቱ ለሱብሒ ሲነሳ ገና ውዱእ ሳያደርግ «ስንት ደረሰ?» ብሎ ያያል። አንዳንዴ አልቋል፤ አንዳንዴ ገና ግማሽ ላይ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ሌሊት መብራት ሄዶ፣ ባትሪው አልቆ፣ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል።

ይህ ከመካከላችን በአንዱ ወንድማችን ላይ ደርሷል። የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው። ቤተሰቦቹ መርካቶ እህል በረንዳ ውስጥ የእህል ሱቅና ትንሽ መጋዘን አላቸው። «አባቴን የሚጠቅም ነገር ልሥራ» ብሎ፣ በተደረደሩ ጆንያዎች መካከል አየር እንዴት እንደሚዘዋወር በሲሙሌሽን ለማጥናት ተነሳ። ጉዳዩ የዋዛ አይደለም። አየር የማያገኘው የድርድሩ ክፍል ይሞቃል፣ እርጥበት ይይዛል፤ ከዚያ ነቀዝና ሻጋታ ይከተላል። ላፕቶፑ ሦስት ሌሊት ሲሠራ አደረ፤ በሦስተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ። የማስረከቢያው ቀን ቀርቧል። በዚህ መሀል አንድ ጓደኛው «ሴሎቹን ተለቅ አድርጋቸውና ቶሎ ይለቅ፤ ማን ያይብሃል?» አለው።

«ማን ያይብሃል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ሁላችንም እናውቃለን። መልሱን ማወቅ ግን ሲሙሌሽኑን አያፈጥነውም። ወንድማችን ላፕቶፑ ውስጥ ሥራ ፈተው የተቀመጡ ረዳቶች እንዳሉት የነገረው ሰው አልነበረም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ሌላ ወንድም ወይም እህት በዚያ ሌሊት እንዳይቸገር ነው። ርእሱ ፓራለል ኮምፒውቲንግ ነው፤ በአማርኛ ትይዩ ስሌት ልንለው እንችላለን። ስሙ ያስፈራል፤ ነገሩ ግን እህል በረንዳ ላይ በየቀኑ ይታያል።

እህል በረንዳ ላይ ያየነው

አንድ ጁሙዓ አንዋር መስጂድ ሰግደን ወንድማችንን ተከትለን ወደ አባቱ ሱቅ ሄድን። በሩ ላይ ጤፍ የጫነ ኤፍኤስአር ቆሟል። ጫኝና አውራጆቹ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ገና ግን ማንም ጆንያ አልነካም። መጀመሪያ ሸራው መፈታት አለበት። ከዚያ ናሙና ይወጣል፤ ጤፉ በመዳፍ ላይ ተደርጎ ይታያል። ደላላው መሀል ገብቶ ዋጋ ይቆረጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን አውራጆቹ አሥርም ይሁኑ ሃያ ለውጥ የለውም፤ ቆመው ነው የሚጠብቁት። ዋጋው ሲያልቅ ግን ሥራው በአንድ ጊዜ ይፋጠናል፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የወሰድናቸው ናቸው። መኪናው 80 ጆንያ ጭኗል። አንድ ሰው አንዱን ጆንያ አውርዶ፣ መጋዘን አስገብቶ ለመመለስ 2 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሸራ መፍታቱ፣ ናሙናውና የዋጋው ድርድር ደግሞ በጠቅላላው 20 ደቂቃ ይወስዳል። አውራጁ አንድ ብቻ ከሆነ 160 ደቂቃ ለጆንያው፣ 20 ደቂቃ ለድርድሩ፣ በድምሩ 180 ደቂቃ ይሆናል።

አውራጆቹ 4 ሲሆኑ የጆንያው ሥራ ወደ 40 ደቂቃ ይወርዳል፤ ድርድሩ ግን ያው 20 ነው፤ ድምሩ 60። 4 ሰው ቀጠርን፤ ፍጥነቱ የጨመረው 3 እጥፍ ነው። 8 ሲሆኑ ድምሩ 40 ደቂቃ ነው፤ ፍጥነቱ 4 እጥፍ ተኩል። 16 ሲሆኑ 30 ደቂቃ፤ 6 እጥፍ። መርካቶ ውስጥ ያለውን አውራጅ ሁሉ ብንጠራ እንኳ ከ20 ደቂቃ በታች አንወርድም፤ ስለዚህ ከ9 እጥፍ በላይ መፍጠን አይቻልም። ገደቡን ያበጀው ያ ለብዙ ሰው የማይከፋፈል የድርድር ሰዓት ነው።

ይህን ሐሳብ ጂን አምዳል የተባለ የኮምፒውተር መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1967 አቀረበው፤ እስከ ዛሬ የአምዳል ሕግ ይባላል። ከማንኛውም ስሌት ውስጥ የማይከፋፈለው ክፍል ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ ጆን ጉስታፍሰን ሌላ ጎኑን አሳየ። ሰው ብዙ አውራጅ ሲያገኝ ያንኑ አንድ ኤፍኤስአር አያራግፍም፤ ተሳቢ ያለው ትልቅ መኪና ያመጣል። የድርድሩ ሰዓት ብዙም ሳይጨምር ጭነቱ ይጨምራል፤ ያኔ ብዙ ሰው መቅጠሩ ያዋጣል። በሲሙሌሽንም እንዲሁ ነው። ብዙ ኮር የሚጠቅመን ትንሹን ሥራ በሰከንድ ለመጨረስ ሳይሆን፣ ድሮ የማንደፍረውን ትልቅ ሥራ ለመድፈር ነው።

ላፕቶፓችን ውስጥ ስንት አውራጅ አለ?

እስከ 2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ ኮምፒውተር የሚፈጥነው አንዱ አውራጅ ራሱ እየፈጠነ በመሄዱ ነበር። ከ2004 እና 2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን የሙቀትና የኃይል ፍጆታ ጉዳይ መንገዱን ዘጋው። አምራቾቹ አንዱን ከማሯሯጥ ይልቅ በአንድ ፕሮሰሰር ውስጥ ሁለት፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ስምንት አውራጅ ማስቀመጥ ጀመሩ። እነዚህን ነው ኮር የምንላቸው። ዛሬ ተማሪ የሚይዘው ተራ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ 4 ወይም ከዚያ በላይ ኮር አለው። ሶፍትዌሩ ግን ካልታዘዘ በስተቀር አንዱን ብቻ አሠርቶ ሌሎቹን ቁጭ ሊያደርጋቸው ይችላል። የወንድማችን ላፕቶፕ ሦስት ሌሊት የሠራው በአንድ ትከሻ ነበር፤ ሦስቱ ቆመው ያዩ ነበር።

ስንት ኮር እንዳላችሁ ለማወቅ ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀርን ክፈቱና ፐርፎርማንስ የሚለውን እዩ። ሁለት ቁጥሮች ታገኛላችሁ። አንዱ የኮር ቁጥር ነው፤ ሌላው «ሎጂካል ፕሮሰሰር» የሚለው ብዙ ጊዜ እጥፉ ነው። የምትቆጥሩት የመጀመሪያውን ነው። ሎጂካል የሚባለው አንድ አውራጅ ሁለት ኮፍያ አድርጎ እንደመቆም ነው፤ ትከሻው ያው አንድ ስለሆነ ለሲሙሌሽን ሥራ የሚጨምረው ጥቂት ነው።

ሌላም ነገር አለ። አውራጆቹ 8 ቢሆኑም የመጋዘኑ በር አንድና ጠባብ ከሆነ በር ላይ ይጋፋሉ። በላፕቶፕ ውስጥ በሩ በፕሮሰሰሩና በሚሞሪው መካከል ያለው መንገድ ነው። የአየርና የፈሳሽ ፍሰት ስሌት ከመደመርና ከማባዛት ይልቅ ቁጥር ከሚሞሪ ማመላለስ ይበዛበታል። ስለዚህ 8 ኮር ያለው ላፕቶፕ ከ4 ኮሩ እጥፍ ካልፈጠነ አትደነቁ፤ በሩ ሞልቶ ነው።

ጆንያ ከጆንያ ጋር አያወራም

የእህል በረንዳው ምሳሌ እስከዚህ ድረስ ይወስደናል፤ ከዚህ በኋላ ይለያያል። አንዱ ጆንያ ሲወርድ ሌላው ጆንያ ምን እንደደረሰበት አያገባውም። በሲሙሌሽን ግን እንዲህ አይደለም። መጋዘኑን በሐሳብ ወደ ትናንሽ ሣጥኖች እንከፍለዋለን፤ እነዚህ ሴሎች ናቸው፤ ሁሉም በአንድ ላይ ሜሽ ይባላሉ። በአንዱ ሴል ያለው አየር ወደ ጎረቤቱ ይነፍሳል፤ የአንዱ ሙቀት ወደ ሌላው ይሻገራል። ስለዚህ መጋዘኑን ለ4 ኮሮች በ4 ብንቆርጠው እያንዳንዱ ኮር የራሱን ክፍል ሲያሰላ ከድንበሩ ማዶ ያለውን ማወቅ አለበት።

ለማስረዳት ያህል የሰላት ሶፍን እናስብ፤ ዒባዳን ከማሽን ጋር ለማወዳደር አይደለም። በሶፍ ውስጥ እያንዳንዱ ሰጋጅ መስጂዱን ሙሉ ማየት አይጠበቅበትም፤ ትከሻውንና እግሩን ከቀኝና ከግራ ጎረቤቱ ጋር ካስተካከለ ረጅሙ ሶፍ ሁሉ ይቃናል። ደግሞም ማንም ኢማሙን አይቀድምም፤ ተክቢራው ሲሰማ ሁሉም አንድ ላይ ወደሚቀጥለው ይሸጋገራል። ትይዩ ስሌትም በእነዚህ ሁለት ነገሮች ይቆማል። እያንዳንዱ ኮር የድንበር ቁጥሮቹን ከጎረቤቱ ጋር ብቻ ይለዋወጣል፤ ከዚያ ሁሉም እስኪጨርሱ ተጠብቆ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይታለፋል።

ከዚህ ሦስት ተግባራዊ ትምህርቶች ይወጣሉ። የመጀመሪያው፣ ሥራው እኩል መከፈል አለበት። አንዱ ኮር ብዙ ሴል ከተሸከመ ሌሎቹ ጨርሰው እሱን ይጠብቃሉ። አንዳንድ አዳዲስ ፕሮሰሰሮች ፈጣንና ዘገምተኛ ኮሮችን አደባልቀው ይይዛሉ፤ ሥራ እኩል ስንሰጣቸው ፈጣኖቹ ዘገምተኞቹን ሲጠብቁ ይውላሉ። ሁለተኛው፣ ድንበሩ አጭር ይሁን፤ ድንበር በረዘመ ቁጥር የሚለዋወጡት ወሬ ይበዛል። ሦስተኛው፣ ትንሽ ሥራ ለብዙ ሰው አይከፈል። ለአንድ ኮር ቢያንስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሴል ካልደረሰው ከስሌቱ ይልቅ ወሬው ጊዜውን ይበላዋል።

ተጠቃሚው ፕሮግራመር መሆን አለበት?

ብዙዎቻችን ከዚህ ርእስ የምንሸሸው «ይህ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ሥራ ነው» ብለን ነው። ድሮ እውነት ነበር። ኮሮች መልእክት የሚለዋወጡበት ኤምፒአይ የሚባለው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ፣ አንድ ሚሞሪ ለሚጋሩ ኮሮች የተሠራው ኦፕንኤምፒ ደግሞ በ1997 ሲከተል፣ ተጠቃሚዎቹ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ግን ያን ጭንቀት የሶፍትዌሩ ጸሐፊዎች ወስደውታል። ለእኛ ለተጠቃሚዎቹ የቀረልን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቁጥር መሙላት ነው።

አንሲስ ፍሉዌንት ሲከፈት በሚመጣው የመጀመሪያ መስኮት ላይ ስንት ፕሮሰስ ይሥራ የሚል ሣጥን አለ። አንሲስ ሜካኒካል ውስጥም የኮር ቁጥር የሚሞላበት ቦታ አለ። አባከስ ላይ ጆብ ስትፈጥሩ ፓራለላይዜሽን የሚለውን ገጽ ከፍታችሁ ብዙ ፕሮሰሰር ተጠቀም ትሉታላችሁ። ኮምሶል ደግሞ ሳይጠየቅ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ያሉትን ኮሮች ይጠቀማል። ከእነዚህ አንዱን የምትጠቀሙ ከሆነ ዛሬ ማታ ሣጥኑን ፈልጉት።

ነጻ ከሆኑት ውስጥ የታወቀው ኦፕንፎም ነው። ለንደን በሚገኘው ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 ለማንም ክፍት ሆነ። በዋናነት የሚሠራው ሊነክስ ላይ ነው፤ ዊንዶውስ ያለው ደግሞ ደብልዩኤስኤል በሚባለው መንገድ በዚያው ላፕቶፕ ላይ ሊያሠራው ይችላል። እዚህ ሥራው ሦስት እርምጃ ነው፤ ትእዛዞቹን በድምፃቸው እንጻፋቸው። «ዲኮምፖዝፓር» ሜሹን ይቆርጠዋል። ስንት ቦታ ይቆረጥ የሚለውን በአንዲት ትንሽ ፋይል ላይ ትጽፋላችሁ፤ አቆራረጡን «ስኮች» ለሚባለው ዘዴ ከተዋችሁለት ድንበሩን አሳጥሮና ሥራውን አመጣጥኖ ይከፍልላችኋል። «ኤምፒአይረን» የቆረጣችሁትን ያህል ኮር ያስነሳና ስሌቱን ያሠራል። «ሪኮንስትራክትፓር» መጨረሻ ላይ ቁርጥራጩን መልሶ አንድ ያደርገዋል። እንግዲህ መኪናውን ማከፋፈል፣ ማራገፍና መጋዘን ውስጥ በወጉ መደርደር ማለት ነው።

የወንድማችን መጋዘን በቁጥር

መጋዘኑ 10 ሜትር በ8 ሜትር፣ ከፍታው 4 ሜትር ነው እንበል፤ 320 ሜትር ኩብ። የሴሉ ጎን 10 ሳንቲሜትር ሲሆን በአንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሴል ስለሚገባ በጠቅላላው 320,000 ሴል ይሆናል። ጎኑን ወደ 5 ሳንቲሜትር ብንቀንሰው ሴሉ በ8 እጥፍ ያድጋል፤ 2,560,000። በዚህ ብቻ አያበቃም። አየሩ በጊዜ ሲለዋወጥ የምናሰላ ከሆነ፣ ሴሉ በግማሽ ሲያንስ የጊዜው እርምጃም በግማሽ ማነስ አለበት፤ አለዚያ አየሩ በአንድ እርምጃ ሴል እየዘለለ ስሌቱ ይፈርሳል። ስለዚህ ሥራው 16 እጥፍ ይሆናል። በአንድ ኮር 1 ሰዓት የፈጀው አሁን 16 ሰዓት ይፈጃል። ሌሊቱ የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ጓደኛው እንዳለው በ10 ሳንቲሜትሩ ቢያቆም ምን ነበረበት? በጆንያ ድርድሮቹ መካከል ያለው ክፍተት 20 ሳንቲሜትር ነው። በ10 ሳንቲሜትር ሴል ክፍተቱ ውስጥ የሚገባው 2 ሴል ብቻ ነው። አየር በጠባብ መተላለፊያ ሲያልፍ መሀሉ ይፈጥናል፣ ግድግዳው አጠገብ ይቆማል፤ ይህን ቅርጽ በ2 ነጥብ መሳል አይቻልም። ሥዕሉ ስክሪን ላይ በቀይና በሰማያዊ ቀለም ያምራል፤ ሶፍትዌሩም አያማርርም፤ ነገር ግን መልሱ መልስ አይደለም። ያን ሥዕል አምኖ ጆንያውን የሚደረድረው አባቱ ነው፤ ነቀዙም የሚገባው አባቱ ጤፍ ውስጥ ነው።

ወንድማችን ሴሎቹን አሳነሰ፤ አራቱንም ኮሮች አሠራ። 16 ሰዓት የሚፈጅበት ሥራ ወደ 5 ሰዓት ግድም ወረደ። ከዒሻእ በኋላ ጀምሮት ለተሀጁድ ሲነሳ አልቆ አገኘው። ከዚያ ክፍተቶቹ አካባቢ ብቻ ሴሎቹን ይበልጥ አጠበቀና በድጋሚ አሠራ። በትልልቁ ሴል «አየር ይደርሰዋል» የተባለው የድርድሩ ጥግ፣ በጥንቃቄ ሲሰላ አየር የማይደርሰው ሆኖ ተገኘ። አባቱ ምን እንዳሉ ብትጠይቁን፣ ቀለሙን አይተው ፈገግ አሉና «እዚያ ጥግ ያለው ጆንያ ሁልጊዜ እኮ ይሞቃል» አሉ።

ዛሬ ማታ የምታደርጉት

አንደኛ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ለኩ። ሙሉውን ሥራ አታስነሱ፤ 20 እርምጃ ብቻ በ1፣ በ2፣ በ4 ኮር አሠሩና ሰዓቱን መዝግቡ። በ1 ኮር 100 ሰከንድ፣ በ2 ኮር 54፣ በ4 ኮር 31 ቢመጣ፣ በ4 ኮር ወደ 3.2 እጥፍ ፈጥናችኋል ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ኮር ሲካፈል 80 በመቶ ይሆናል፤ ጥሩ ነው። በ8 አሠርታችሁ 29 ሰከንድ ከመጣ ግን በሩ ሞልቷል፤ በ4 ቀጥሉ።

ሁለተኛ፣ ሚሞሪውን አስቡ። እንደ ስሌቱ ዓይነት ቢለያይም ለ1 ሚሊዮን ሴል ከ1 እስከ 2 ጊጋባይት ሚሞሪ ማሰብ የተለመደ ነው። ሚሞሪው ከሞላ ኮምፒውተሩ ወደ ዲስክ መጻፍ ይጀምራል፤ ያኔ ስንትም ኮር ቢኖር ጥቅም የለውም።

ሦስተኛ፣ መብራት ይሄዳል ብላችሁ አስቡ። ሁሉም ሶፍትዌር በየተወሰነ ጊዜው ውጤት የሚያስቀምጥበት ቅንብር አለው። ፍሉዌንት ላይ አውቶሴቭ ይባላል። ኦፕንፎም ላይ በምን ያህል ጊዜ ይጻፍ የሚለውን ትሞላላችሁ፤ ሲቋረጥ ደግሞ ከመጨረሻው ከተጻፈው ጊዜ ጀምር ትሉታላችሁ። ግመልን አስሮ ከዚያ ተወኩል ማድረግ እዚህም ይሠራል።

አራተኛ፣ አንዴ በ1 ኮር የመጣውን ከ4 ኮሩ ጋር አስተያዩ። የመጨረሻዎቹ ጥቃቅን አሃዞች ትንሽ ቢለያዩ አትደንግጡ። ብዙ ሰዎች አንድን ሒሳብ ተከፋፍለው ሳንቲሙን እያጠጋጉ ሲደምሩ፣ የአደማመሩ ቅደም ተከተል ድምሩን በሳንቲም ያለዋውጠዋል። የሚያሳስበው ልዩነቱ በብር ሲሆን ነው።

አምስተኛ፣ ቢያንስ በሦስት የሴል መጠን አሠሩና የምትፈልጉት ቁጥር መለዋወጡ ማቆሙን አሳዩ። አማካሪዎቻችሁ የሜሹ ጉዳይ ተረጋግጧል ወይ የሚሉት ይህን ነው። ከፓራለል ኮምፒውቲንግ የምናገኘው ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ ፍጥነቱ የሚፈለገው ይህን ማረጋገጫ ለማድረግ ጊዜ እንዲተርፍ ነው።

ላፕቶፕ ሲያንስ

ሥራው ከላፕቶፕ በላይ ከሆነ ብዙ ኮምፒውተሮችን በአንድ ላይ ማሠራት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1994 የናሳ ባለሙያዎች ቶማስ ስተርሊንግና ዶናልድ ቤከር 16 ተራ ኮምፒውተሮችን በኔትወርክ አገናኝተው ቤዎልፍ የተባለውን ክላስተር ሠሩ። ያኔ ለትልልቅ ተቋማት ብቻ ይመስል የነበረውን ኃይል ከሱቅ በሚገዛ ዕቃ አመጡት። ዛሬ ማታ ማታ ተቆልፎባቸው የሚያድሩ የላብ ኮምፒውተሮች ከእነዚያ በእጅጉ ይፈጥናሉ። ፈቃድና ኃላፊ ካገኙ በሌሊት የማንን ሥራ ሊሠሩ እንደሚችሉ አስቡት።

በአህጉራችን ደግሞ ኬፕ ታውን የሚገኘው የደቡብ አፍሪካ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ያስጀመረው ሌንጋው ከ32,000 በላይ ኮሮች ነበሩት፤ ስሙ በሴትስዋና አቦሸማኔ ማለት ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ውስጥ አገልግሎቱን የጨረሰው ሬንጀር የተባለ ትልቅ ማሽን ተፈታትቶ፣ ክፍሎቹ ወደ ደቡብ አፍሪካ መጥተው ለጎረቤት አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች እንዲከፋፈሉ ተደርጓል። በአገራችንም የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከልህቀት ማዕከላቱ አንዱን ለዚሁ ለከፍተኛ አቅም ስሌትና ለቢግ ዳታ መድቧል። ድኅረ ምረቃ የምታስቡ ወንድሞችና እህቶች በር እንዳለ እወቁ።

ስለ ክራክ አንድ ቃል

አንድ የማይነገር ነገር አለ። ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ሶፍትዌር ክራክ ነው። የንግድ ሶፍትዌሮች ከተወሰነ የኮር ቁጥር በላይ ተጨማሪ ላይሰንስ ይጠይቃሉ፤ ክራኩን የምንፈልገውም አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። በጉዳዩ ላይ ፈትዋ መስጠት የእኛ ቦታ አይደለም፤ ዑለሞቻችንን ጠይቁ። እኛ የምንለው፣ ልብ የማይጠራጠርበት አማራጭ መኖሩን ነው። አንሲስ ለተማሪዎች የሚሰጠው ነጻ ቅጂ አለው፤ የሴልና የኮር ገደብ ቢኖረውም ለብዙ የመመረቂያ ሥራ ይበቃል። ኦፕንፎምና ለመዋቅር ስሌት የሚሆነው ካልኩሊክስ ደግሞ ኮር ቆጥረው ገንዘብ አይጠይቁም። መጀመሪያ ላይ ይከብዳሉ፤ ከባድነታቸውን የሚያቀልለው ቀድሞ የተማረ ሰው ነው።

ዕውቀትን ወደ ሰው እጅ ማውረድ

አልጎሪዝም የሚለው ቃል የመጣው ከሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ስም መሆኑን ብዙዎቻችን በኩራት እንናገራለን። ብዙ ጊዜ የማንናገረው ግን በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ላይ የአልጀብራ መጽሐፉን ለማን እንደጻፈው ነው። ውርስ ለሚያካፍል፣ ለሚነግድ፣ መሬት ለሚለካ ሰው ነው የጻፈው፤ ከመጽሐፉም ሰፊው ክፍል ስለ ውርስና ኑዛዜ ክፍፍል ነው። የሊቃውንት የነበረውን ስሌት ሥራው ለሚፈልገው ሰው አወረደለት። እኛም ስለ እሱ ከመኩራት አልፈን የእሱን ሥራ በአቅማችን ልንሠራ እንችላለን።

ስለዚህ ከጀመዓችን የኢንጂነሪንግና የኮምፒውተር ተማሪዎች የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ያሠራችሁትን ፋይል፣ ስንት ኮር ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ያስመዘገባችሁትን ወረቀት፣ የትኛው ቅንብር እንዳስቸገራችሁ የጻፋችሁትን ማስታወሻ፣ ስትመረቁ ከላፕቶፓችሁ ጋር ይዛችሁ አትሂዱ። በአማርኛ አጠር አድርጋችሁ ጽፋችሁ ለታናናሾቻችሁ ተዉላቸው። አንድ ገጽ ይበቃል። ሰው ከሞተ በኋላ እንኳ ምንዳው የማይቋረጥበት የሚጠቅም ዕውቀት ምን ዓይነት ነው ብለን ስንጠይቅ፣ አንዲት እህት መብራት በጠፋበት ሌሊት ሥራዋን ያዳነላት አንድ ገጽ ከዚያ ውስጥ እንዲቆጠር አላህን እንለምናለን።

ያ ኤፍኤስአር እኛ ሻይ እየጠጣን ሳለ ባዶ ሆኖ ሄደ። ሰማንያውን ጆንያ ማንም ብቻውን አልተሸከመውም፤ እያንዳንዱ ግን የራሱን ድርሻ በትክክል ማድረስ ነበረበት፤ ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው የሚቆጥሩት አባት አንድም አላጎደሉም። የእኛንም ቁጥር የሚቆጥር አለ። አላህ የሚጠቅመንን ያስተምረን፣ ያስተማረንንም የሚጠቅመን ያድርገው። ኣሚን።